«ልጄ መቼ ይሄዳል?» ብለው ለጠየቁ የሉማሜ አካባቢ አባት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ገበሬ ነኝ፤ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው ቤቴ። የሚጽፍልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሦስተኛው ልጃችን 3 ዓመት ከ5 ወር ሆነው። ምጡ ቆይቶ ነበር፤ ሲወለድ አላለቀሰም፤ ብዙ ከታገሉለት በኋላ ነው የተነፈሰው። እስካሁን ብቻውን አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ሲበላ ትን ይለዋል። አልፎ አልፎ ያንቀጠቅጠው ስለነበር መድኃኒት ጀምሯል። ሆስፒታል ‹ሴሬብራል ፓልሲ ነው› አሉን። ጠበልም ሁለት ጊዜ ወስደነዋል። ዘመድ ‹ከእናቱ ወገን የመጣ ነው› ይለኛል። ሁለት በሬ አለኝ፤ አንዱን ሸጬ አዲስ አበባ ልውሰደው? መቼስ ይሄዳል? ማታ ከእርሻ ስገባ ድምፄን ሲሰማ ግን ይስቃል።»

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴና በአቀማመጥ የማክም ባለሙያ ነኝ፤ ጎጃም ውስጥ ስሠራ የኖርኩት በአብዛኛው እንደ እርስዎ ልጅ ካሉ ሕፃናትና ከወላጆቻቸው ጋር ነው። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ድምፄን ሲሰማ ይስቃል» ያሉትን መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው ነው ያለፉት፤ እኔ ግን የምጀምረው ከእሱ ነው። ልጅዎ ድምፅዎን ከሌላ ሰው ድምፅ ይለያል። ይሰማል፣ ያስታውሳል፣ ሲመሽ ይጠብቅዎታል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት የለባቸውም፤ አካላቸውና ምላሳቸው አልታዘዝ ስላላቸው ብቻ «አያውቅም» ተብለው ጥግ ላይ ተኝተው የሚያድጉ ብዙ አይቻለሁ። የእርስዎ ልጅ ምን ያህል እንደሚረዳ ከሩቅ ሆኜ መናገር አልችልም። የሚስቅ ልጅ ግን የሚያናግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሕመሙ ምን እንደሆነ ላስረዳዎ። ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። ጉዳቱ በማሕፀን፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት ሊደርስ ይችላል፤ ያለ ጊዜ መወለድ፣ በጣም የበረታ የአራስ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር፣ በምጥ ጊዜ የአየር ማጠር ከታወቁት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ምጡ ተራዝሞ ሳያለቅስ ተወለደ ማለትዎ ወደ መጨረሻው ያመለክታል። ቡዳ አልበላውም፣ እርግማን አላገኘውም፣ ከማንም ወገን አልወረሰውም፣ ወደ ወንድም እህቶቹም አይተላለፍም።

ስለዚህ «ከእናቱ ወገን ነው» የሚለውን ወሬ የሚያስቆሙት እርስዎ ነዎት። ባለቤትዎ ቢናገሩ ሰበብ ፍለጋ ይመስላል፤ እኔ ብናገር የከተማ ሰው ወሬ ይባላል። ሰንበቴ ላይ ወይም ማኅበር ላይ ዘመድ በተሰበሰበበት «ምጡ ጠንቶባት ልጁ አየር አጥሮት ነው፤ የእሷ ጥፋት የለበትም፤ ከእንግዲህ በኔ ፊት ይህን ቃል የሚያነሣ አይኑር» ብለው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ይናገሩት። እናቲቱ ከእኔ ሕክምና ይልቅ ከዚህ አንድ ንግግር ኃይል ሲያገኙ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። በሙያችን የምናየው አንድ ምልክት አለ። እስከ 2 ዓመቱ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ቆይቶም ቢሆን የመራመዱ ዕድል ሰፊ ነው። 4 ዓመት ሞልቶት ብቻውን ያልተቀመጠ ልጅ ግን ያለ ድጋፍ የመሄዱ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ልጅዎ 4 ሊሞላው 7 ወር ነው የቀረው። ስለዚህ «ይሄዳል» ብዬ ባጽናናዎ እዋሽዎታለሁ፤ ይህን ለአንድ አባት መጻፍ ለእኔም ቀላል አይደለም። ተደግፎ መቀመጥ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቀና ብሎ መብላት፣ የሚፈልገውን ማስታወቅ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ትምህርት ቤት መሄድ ግን ሊደረስባቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ዛሬ መጀመር ይቻላል።

የአንጎሉ ጉዳት ባለበት ይቆያል እንጂ አይብስም። የሚብሰው ዝም ከተባለ አካሉ ነው፦ ጡንቻው ያጥራል፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ይታሰራል፣ ዳሌው ከማቀፊያው እየወጣ ያሠቃየዋል። ይህን የምንከላከለው በአብዛኛው እቤት፣ በየቀኑ፣ በአያያዝና በአቀማመጥ ነው። እኔ በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ባየው፣ የቀረው ሰዓት ሁሉ በእናንተ እጅ ነው።

በሬውን አይሽጡ። የተጎዳ አንጎልን የሚመልስ መድኃኒትም ሆነ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የለም፤ ውጭ አገርም የለም። ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ጉዳቱን ያሳያል፣ አይጠግነውም። «በዚህን ያህል ብር አድነዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣብዎ ማንም ይሁን ማን አይመኑት። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም፤ መቀናጆ ሲፈልጉ ክረምቱ ያልፍብዎታል፤ ቤቱ ሲጎድል አስቀድሞ የሚከሳው ይኸው ልጅ ነው። አዲስ አበባ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ለምሳሌ ዳሌው ከወጣ ወይም ጅማቱ በጣም ካጠረ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት፤ እንደ ኪዩር ኢትዮጵያ ያለ የሕፃናት አጥንት ሕክምና ላይ ያተኮረ ሆስፒታልም እዚያ አለ። ያ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ተመርምሮ፣ «ለዚህ ነገር ሂዱ» ተብሎ፣ ሪፈር ተይዞ የሚደረግ ጉዞ ነው። ለአሁኑ የዳሌ ራጅ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ የማይራመድ ልጅ ዳሌ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለበት።

ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ሲበላ ትን ይለዋል» ያሉት ነው። እንደዚህ ያሉ ልጆችን በብዛት የሚነጥቀን እግራቸው ሳይሆን ሳንባቸው ነው፤ ምግብ በስሕተት ወደ አየር ቧንቧ እየገባ የሳንባ ምች ያስከትላል። እስቲ እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት። አንገትዎን ወደ ኋላ ቀልብሰው ጣሪያ እያዩ ምራቅዎን ይዋጡ። ከዚያ ቀና ብለው አገጭዎን ወደ ደረትዎ ትንሽ ዝቅ አድርገው እንደገና ይዋጡ። ልዩነቱን ጉሮሮዎ ይነግርዎታል። ልጅ ጭን ላይ አንጋሎ፣ አፍንጫውን ይዞ አጥሚት መጋት በአገራችን የተለመደ ነው፤ እናቶች የሚያደርጉት ልጁ እንዳይራብባቸው ብለው ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን አደገኛ ነውና ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ሲመግቡት ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ወንበሩ እስኪሠራ ድረስ ጭንዎ ላይ፣ ጀርባው ደረትዎን ተደግፎ፣ ጉልበቱ ታጥፎ ይሁን። የሚመግበው ሰው ከፊቱ፣ ከዓይኑ ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከላይ ከመጣ ልጁ ቀና ብሎ ያያል፣ አንገቱም ይቀለበሳል። ትንሽ ማንኪያ፣ ግማሽ ጉርሻ። ማንኪያዋን ምላሱ መሐል ላይ ቀስ አድርገው ጫን ይበሉና ከንፈሩ እስኪገጥም ይጠብቁ፤ ሳይውጥ ሌላ አይጨምሩ። እንደ ውሃ የቀጠነውን ለመቆጣጠር ስለሚከብደው ወፈር ያለ አጥሚት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ በቅቤ የተለነቀጠ ድንች፣ እንቁላል የገባበት ፍትፍት ይሻለዋል። አንድ ጊዜ ብዙ ከማብላት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አያስተኙት። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ የሚያተኩሰው ወይም ከበላ በኋላ ድምፁ እንደ ረጠበ ሆኖ የሚያጓራ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የጾሙ ነገር አለ፤ ሳላነሣው አላልፍም። ሕፃን ከ7 ዓመቱ በፊት እንደማይጾም ካህኑም ባለቤትዎም ያውቃሉ። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ስንት ቤት ውስጥ እንቁላሉና ወተቱ የሚቀረው «ድስቱን ያስገድፍብናል» ተብሎ ነው። ከገበያ የእሱ ብቻ የሆነች አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ይግዙለት። ይህ ልጅ ሲበላ ከሌላው ይልቅ ስለሚደክም 55 ቀን በአጥሚት ብቻ ቢቆይ የሚከሳው ክሳት ዓመቱን ሙሉ አይመለስም።

አሁን የእርስዎ እጅ ወደሚያስፈልግበት። ሞፈርና ቀንበር የሚጠርብ ሰው ከእኔ የተሻለ ወንበር ይሠራል። ከብቸና ወገን የመጡ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ሚስታቸው ልጅቷን አዝለው ወደ ክፍሌ ሲገቡ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጅ ቆሙ። በሦስተኛው ራሴ ወጥቼ አስገባኋቸውና ገመድ ሰጠኋቸው፤ «ይለኩልኝ» አልኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ 4 ዓመቷ ነበር፤ እግሯን በእጃቸው ይዘው አያውቁም። በወሩ የዋንዛ ወንበር ተሸክመው መጡ፤ መቀመጫው ስለረዘመ ልጅቷ ወደ ፊት ትንሸራተት ነበርና አራት ጣት ያህል ቆርጠው መልሰው ሠሩት። ከዚያ በኋላ ከደጅ ቆመው አላየኋቸውም። «አስቀምጫት በሩን ብከፍተው ዶሮዋን በዓይኗ እየተከተለች እስከ አጥሩ አደረሰቻት» ብለው የነገሩኝን አልረሳውም። እስከዚያ ቀን ልጅቷ የምታውቀው ጣሪያውን ነበር።

የገመዱ አለካክ እንዲህ ነው። ልጁን አንድ ሰው ደግፎ ያስቀምጥልዎ። አንደኛ ከቂጡ ኋላ እስከ ጉልበቱ እጥፋት ይለኩና ሁለት ጣት ይቀንሱ፤ ይህ የመቀመጫው ጥልቀት ነው። ሁለተኛ ከጉልበቱ እጥፋት እስከ ተረከዙ፤ ይህ ከእግር ማስረገጫው እስከ መቀመጫው ያለው ከፍታ ነው፤ እግሩ እንዳይንጠለጠል። ሦስተኛ ከመቀመጫው እስከ ትከሻው፤ አንገቱ ካልጸና ጀርባውን እስከ ራሱ ያስረዝሙት። አራተኛ ከመቀመጫው እስከ ክርኑ፤ ከፊቱ የምትገጠመው ጠረጴዛ በዚያ ልክ ትሁን፤ ክንዱን ሲያሳርፍባት ራሱን ማቅናት ይቀለዋል። እግሮቹ እንዳይጠላለፉ መቀመጫው ላይ፣ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አጭር ምሰሶ ያቁሙ። ዳሌው ላይ ሰፋ ያለ የጨርቅ መቀነት ያድርጉለት፤ ጠፍር ቆዳውን ይልጠዋል። እንጨት ቢያጥርዎ ከመደቡ ጥግ በጭቃ ተሠርቶ ጆንያ የተነጠፈበትም ያገለግላል፤ ግድግዳው ሁለቱን ትከሻ ወደ ፊት ስለሚሰበስብለት እንዲያውም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ለ15 ደቂቃ፣ እየለመደ ሲሄድ እስከ ግማሽ ሰዓት፣ በቀን ደጋግመው። ሲያነሡት ቂጡንና ጀርባውን ይዩ፤ የቀላው ቦታ ወዲያው ካልጠፋ እዚያ ላይ ልባስ ይጨምሩ።

ከወንበሩ ውጪ ባለው ጊዜ በጀርባው ብቻ አያስተኙት። በጎኑ ይተኛ፤ በጉልበቶቹ መካከል የታጠፈ ጋቢ ይግባ። የጤፍ ጭድ የተሞላ ጆንያ ላይ በደረቱ አስተኝተው ከፊቱ የሚወደውን ነገር ቢያስቀምጡለት ራሱን ለማንሣት ይታገላል፤ እየተጫወተ አንገቱ ይጸናል። አንቀልባ ጥሩ ነው፤ ጭኖቹን ከፍቶ ስለሚይዝለት ለሚጠላለፍ እግር ከብዙ መሣሪያ ይሻላል። ግን ልጁ እየከበደ ነው፤ የባለቤትዎ ወገብ ስንት ዓመት ይችላል? ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እርስዎ ይያዙት፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርገው፣ እግሮቹን ከፍተው፣ በጎንዎ። አባት ልጅ ታቅፎ ሲሄድ ሰው ያያል። ይይ።

ማታ ደግሞ ከእርሻ ሲገቡ ያለችው ሰዓት የእርስዎና የእሱ ትሁን። እራቱን እርስዎ ያብሉት። ሰውነቱ በሞቀ ውሃ ከታጠበ በኋላ ጉልበቱን ቀስ ብለው ያጥፉ፣ ጭኖቹን በዝግታ ይክፈቱ፣ እስከ 30 እየቆጠሩ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ ይድገሙ። በፍጥነት ከጎተቱት ጡንቻው ይገተርና ይታገልዎታል፤ ወይፈን ቀንበር ሲያለማምዱ እንደማይጣደፉት ማለት ነው። ሕመም እንዲሰማው አያስገድዱት። እየሠሩ ያውሩት፤ የዋሉበትን ማሳ፣ የበሬዎቹን ስም፣ የዘነበውን ዝናብ። ሁለት ነገር በሁለት እጅዎ ይዘው፣ ለምሳሌ ኩባያና ኳስ፣ «የቱን?» ብለው ይጠይቁትና ዓይኑ ወደ የትኛው እንደሄደ ይዩ። ያየውን ይስጡት። መልሱ እስኪመጣ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ፤ የዚህ ልጅ መልስ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቸኩሎ ስለሚያልፈው ነው።

ስለ ማንቀጥቀጡ። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከ4 ልጆች 1 ያህሉ ላይ የሚጥል በሽታ አብሮ ይኖራል። የጀመረውን መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ አንድ ቀን እንኳ አያቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም ከበፊቱ የባሰ፣ አልቆም የሚል ማንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይውሰዱለት፣ ሐኪሙንም ለሁለት ለሦስት ወር የሚሆን እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ሲያንቀጠቅጠው በጎኑ ያስተኙት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ ያላሉ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አያስገቡ፣ ክብሪትም አያሽትቱት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ።

ጠበሉን ተዉ አልልዎትም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ጠበል ስጠመቅ ነው ያደግኩት። መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያናችን የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ እንዳስተማረች ያስታውሳሉ። ጠበል ቦታ ስትሄዱ መድኃኒቱ በኪስዎ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ የልጁን ጡንቻ ይበልጥ ስለሚገትረው ጥምቀቱ አጭር ይሁን፤ ወዲያው አድርቀው በሞቀ ጋቢ ይጠቅልሉት። ውሃው አፉ ውስጥ እንዳይፈስበት ለአጥማቂው አስቀድመው ይንገሩ። ስለ ትንታው ሲያስረዷቸው አብዛኞቹ ይሰማሉ።

ሌሎቹ ሁለት ልጆችዎስ? አልጻፉልኝም፤ ግን በብዙ ቤት ያየሁት ታላቅ እህት ከትምህርት ቤት ቀርታ ወንድሟን ስትጠብቅ ነው። በእናንተም ቤት እንዲያ ከሆነ ልጅቷ ትመለስ። ባለቤትዎም በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ እርስዎ ልጁን ይዘው፣ ወደ እናታቸው ቤት ወይም ወደ ማኅበራቸው ይሂዱ።

ስለ ወጪው ባጭሩ። የጤና መድን መዋጮ ከፍለው ከሆነ ልጁም በእሱ ይታከማል፤ ነገር ግን ከጤና ጣቢያዎ ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ ሆስፒታል ከመጡ መድኑ ላይሸፍንልዎ ይችላል። የእግር ድጋፍ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ሲያስፈልገው ባሕር ዳር የአካል ድጋፍ ማዕከል አለ፤ እዚያም በሪፈር ነው። 7 ዓመት ሲሞላው «እንዲህ ያለ ልጅ አንቀበልም» የሚል ትምህርት ቤት ቢገጥምዎ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. እንዳጸደቀች ይንገሯቸውና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ያን ጊዜ እንደገና ይጻፉልኝ፤ ስለ ትምህርቱ ራሱን የቻለ መልስ ያስፈልገዋል።

አሁን ሪፈሩን አጽፈው ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ይምጡ፤ እርስዎም ከባለቤትዎ ጋር ወደ ውስጥ ይግቡ። የሚወስደውን መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ የሚበላበትን ማንኪያና የአራቱን ልክ ገመድ ይዘው ይምጡ። እያንዳንዱ ገመድ ላይ የተለያየ ቋጠሮ ይሰሩበት፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋብን።